ችግርን መያዝና ችግርን መፍታት፦ «ዲል ዊዝ» የተባለው የእንግሊዝኛ ግስ በሆሳዕናና በዱራሜ

ችግር የቀረበለት ሰው የሚያደርገውን ለመግለጽ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ያሉት ግሶች ብዙ ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል በዕለት ንግግር፣ በጋዜጣ፣ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤና በመማሪያ መጽሐፍ ዘወትር የሚያጋጥመው «ዲል ዊዝ» የተባለው ባለሁለት ቃል ግስ ነው። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በአንጋጫ፣ በሺንሺቾና በዶዮገና ክፍሎች ውስጥ ይህን ግስ የሚያገኝ ተማሪ «ችግርን መፍታት» ብሎ ተርጉሞት ማለፉ የተለመደ ነው። ትርጉሙ ለጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ያገለግል ይሆናል፤ ለብዙዎቹ ግን ያሳስታል፤ ምክንያቱም «ዲል ዊዝ» የሚናገረው ሰው ችግሩን ተቀብሎ ስለሚሠራው ሥራ ሲሆን፣ «መፍታት» የሚናገረው ግን ሥራው ስለ ደረሰበት ፍጻሜ ነው። ልዩነቱን ለመረዳት የሚያስፈልገው መሣሪያ በአካባቢው ሰው አንደበት ውስጥ አስቀድሞ ያለ መሆኑ ደግሞ ጉዳዩን ይበልጥ ትኩረት የሚገባው ያደርገዋል።

ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ሆሳዕና የሀድያ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ለተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልልም የአስተዳደር ማዕከል ሆና ታገለግላለች። በከተማዋና በዙሪያዋ የሚነገረው ሀድይኛና በዱራሜ አካባቢ የሚነገረው ከምባትኛ፣ ከሲዳምኛ፣ ከጌዴኦኛ፣ ከሀላብኛና ከቡርጂኛ ጋር፣ የቋንቋ ምሁራን ደጋማው ምሥራቅ ኩሽ ብለው ከሚጠሩት ንኡስ ቤተሰብ የሚመደቡ ናቸው፤ የመሥሪያ ቤቱና የሰፊው ገበያ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው። እንግሊዝኛ ወደዚህ ምድር ከመጣባቸው መንገዶች አንዱ በዶክተር ቶማስ ላምቢ የተመራው የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ቡድን በ1928 እ.ኤ.አ. ግድም በአካባቢው የከፈተው ጣቢያ ነበር፤ ቋንቋውን በየቤቱ ያስገባው ግን ዘመናዊው ትምህርት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሲፈቅድ ሀድይኛና ከምባትኛ በላቲን ፊደል እየተጻፉ ወደ ክፍል ገቡ፤ እንግሊዝኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጥ ጀመር፤ በቀድሞው ደቡብ ክልል ደግሞ ከአምስተኛ ክፍል አንሥቶ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። እንግዲህ በዚያ ሥርዐት የሌሞ ወይም የዳምቦያ ልጅ የሳይንስ መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ማንበብ ይጀምር የነበረው ገና በዐሥራ አንድና በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ሲሆን፣ ስለ ድርቅ፣ ስለ በሽታ፣ ስለ አፈር መሸርሸር በሚያወሩት ምዕራፎች ውስጥ «ዲል ዊዝ» በየገጹ ይጠብቀው ነበር።

እንዲህ ያሉት ግሶች «ሐረጋዊ ግስ» በሚለው የወል ስም ይታወቃሉ። ስያሜውን በኅትመት ያስተዋወቀው ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ የተባለው ጸሐፊ ሲሆን፣ ይህም የሆነው በ1925 እ.ኤ.አ. ነው። ሐረጋዊ ግስ ማለት አንድ ተራ ግስ እንደ «አፕ»፣ «አውት»፣ «ኦፍ» ወይም «ዊዝ» ካለ ትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ፣ ሁለቱ ቃላት ለየብቻ የማይሰጡትን አዲስ ትርጉም ሲሰጥ ነው። ጥብቅ የሰዋስው ሰዎች «ዲል ዊዝ»ን ለይተው መስተዋድዳዊ ግስ ይሉታል፤ ምክንያቱም «ዊዝ» በአማርኛ ከ«ጋር» ጋር የሚቀራረብ መስተዋድድ በመሆኑ የሚከተለውን ስም አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ግን ሁለቱን ዓይነቶች በአንድ ምዕራፍ ያስተምሯቸዋል፤ ለተማሪውም ልዩነቱ የሚያስፈልገው ኋላ እንደሚታየው በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ነው። ዲ ጋርድነርና ማርክ ዴቪስ በ2007 እ.ኤ.አ. መቶ ሚሊዮን ቃላት ያሉትን የብሪታንያ ብሔራዊ የጽሑፍና የንግግር ስብስብ መርምረው ባወጡት ጥናት፣ ጥብቅ በሆነው ትርጉም የሚቆጠሩት ሐረጋዊ ግሶች ብቻ እንኳ በአማካይ በየ150 ቃላቱ አንድ ጊዜ እንደሚገኙ አሳይተዋል፤ ይህም አንባቢው በአንድ ገጽ ውስጥ ሁለትና ሦስት ያገኛል ማለት ነው።

የ«ዲል» ጥንተ ነገር ትርጉሙን ለማስረዳት ይረዳል። ቃሉ በጥንቱ እንግሊዝኛ «መክፈል፣ ማካፈል» የሚል ፍቺ ነበረው፤ ዛሬም በካርታ ጨዋታ ካርታውን ለተጫዋቾች ማደል በዚሁ ግስ ይገለጻል። ከማካፈል ወደ ንግድ፣ ከንግድ ደግሞ ከሌላው ሰው ጋር ጉዳይ ኖሮ መተያየት ወደሚለው ሐሳብ ተሻገረ። በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ «ዲል ዊዝ» በብዛት የሚነገረው አንዱ ሰው ለሌላው ስለሚያሳየው አያያዝ፣ በቸርነት ወይም በክፋት ስለ ማድረጉ ነው። ከሰው አያያዝ ወደ ጉዳይ አያያዝ መሻገር አስቸጋሪ አልነበረም። በአማርኛም «ያዘ» የሚለው ግስ በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ «እንግዳውን በደንብ ያዘው» ሲባልና «ጉዳዩን የያዘው ጠበቃ» ሲባል አንዱ ግስ ሰውንም ጉዳይንም ይይዛል።

ዛሬ ግሱ በዋናነት የሚያገለግለው የመጣን ጉዳይ ተቀብሎ የሚገባውን እርምጃ መውሰድን ለመናገር ነው፤ ባለሙያ ቅሬታን፣ ሐኪም ድንገተኛ ሕመምተኛን፣ የከተማ አስተዳደር ጎርፍን «ዲል ዊዝ» ያደርጋል። ከዚህ ጎን ለጎን ሐዘንን፣ ብስጭትን ወይም ጫናን ችሎ መኖርን ይገልጻል፤ በዚህ ጊዜ የአማርኛው አቻ «መቋቋም» ወይም «መቻል» ነው። መጽሐፍ፣ ንግግር ወይም የመጽሐፍ ምዕራፍ የግሱ ባለቤት ሲሆን ደግሞ ችግርም መፍትሔም የለም፤ ምዕራፉ ስለ አንድ ርእስ ያወሳል ማለት ብቻ ነው። «ይህ ምዕራፍ የአፈር መሸርሸርን ዲል ዊዝ ያደርጋል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ምዕራፉ መሸርሸርን ይፈታል ብሎ የተረዳ ተማሪ፣ ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ ሁሉ በተዛባ ዓይን ያነበዋል። ከድርጅት ጋር መገበያየትም በዚሁ ግስ ይነገራል። በመጨረሻም ተናጋሪው ሰውን ጠቅሶ «አይ ዊል ዲል ዊዝ ሂም» ሲል በድምፁ ቃና ዛቻ ሊሆን ይችላል፤ ከእርሱ ጋር እስማማለሁ ማለቱ ሳይሆን «የእጁን ይቀበላል» ማለቱ ነው።

መያዝና መፍታት የሚለያዩበትን ቦታ ለማሳየት በሀድያና በከምባታ ከእንሰት የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የአካባቢው ሕዝብ ዋና ምግብ የሚያገኝበት ይህ ተክል «አጠውልግ» የተባለ ክፉ በሽታ አለበት። መንሥኤው ዛንቶሞናስ ከሚባሉት ወገን የሆነ ባክቴሪያ መሆኑን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 እ.ኤ.አ. በሳይንሳዊ ጽሑፍ አሳውቀዋል። በበሽታው የተያዘው እንሰት ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፤ ሲቆረጥም ቢጫ ያዘለ ፈሳሽ ያወጣል፤ በመጨረሻም ይሞታል። በሽታው ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው የሚተላለፈው በተበከለ ቢላዋ፣ በተበከለ ችግኝና ማሳ ውስጥ ገብተው ቅጠሉን በሚበሉ እንስሳት ነው። የተያዘውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም። ስለዚህ ገበሬው ችግሩን አይፈታውም፤ የታመመውን ነቅሎ ይቀብራል፣ ቢላዋውን በእሳት ያጸዳል፣ ንጹሕ ችግኝ ይመርጣል፣ ከብቱን ከጓሮ ያርቃል፣ በሽታውን የተሻለ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ይተክላል፣ የተበከለውን ቦታ ለጊዜው ሌላ ሰብል ይዘራበታል። ይህ ሁሉ ድካም በእንግሊዝኛ በሁለት ቃል «ዲል ዊዝ» ይባላል። እዚህ ላይ «ሶልቭ» ማለትም «ፈታ» የሚለውን ግስ ያስገባ ሰው በሽታው ጠፋ ብሎ ተናግሯል፤ ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ትክክል ቢሆንም በነገሩ ሐሰት ነው። ለግብርና ባለሙያ ሪፖርት፣ ለጤና ጣቢያ መዝገብና ለበጎ አድራጎት ድርጅት ማመልከቻ እንዲህ ያለው መቀያየር ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ አንዱ ቃል ሥራ ላይ መሆንን፣ ሌላው ሥራ መጨረስን ለአንባቢው ስለሚያስታውቅ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚመደበው ገንዘብና የሰው ኃይል በዚሁ ላይ ሊመሠረት ይችላል።

አማርኛ በበኩሉ ይህን ልዩነት አያውቀውም ማለት አይቻልም፤ እንዲያውም የመሥሪያ ቤቱ አማርኛ አጥርቶ ያውቀዋል። ባለጉዳይ ለቅሬታው መልስ ሲጠይቅ «ጉዳዩ እየታየ ነው» ይባላል እንጂ ገና ያልተቋጨውን «ተፈቷል» አይባልም፤ ፍርድ ቤትም አንድን ክስ «አየ» ሲባል ክሱን ተቀብሎ መረመረው ማለት እንጂ ወሰነ ማለት አይደለም፤ ሲቋጭ ደግሞ «እልባት አገኘ» ይባላል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ «ኢት ኢዝ ቢንግ ዴልት ዊዝ» ለሚለው ዓረፍተ ነገር ከ«እየታየ ነው» ወይም ከ«እየተሠራበት ነው» የተሻለ ትርጉም የለም። («ዴልት» የ«ዲል» ያለፈ ጊዜ ቅርጽ ነው።) በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ግን የሀድያና የከምባታ ተማሪን የሚያደናቅፍ ሌላ ነገር አለ፤ «ዊዝ» መጨረሻ ላይ ብቻውን ቀርቷል፣ የሚደገፍበትም ስም የለውም። ሀድይኛና ከምባትኛ እንደ «ዊዝ» ያለውን ዝምድና በስሙ መጨረሻ ላይ በሚለጠፍ ቅጥያ የሚያሳዩ ቋንቋዎች ሲሆኑ፣ አማርኛም «ከ» እና «ጋር»ን በስሙ ግራና ቀኝ ያኖራል፤ ከሦስቱም በአንዱ እንኳ ስም የሌለው «ጋር» ብቻውን ዓረፍተ ነገር አይዘጋም። ተማሪው «ዊዝ»ን ረስቶ «ዴልት» ላይ ቢያቆም ከስንፍና ሳይሆን ከገዛ ቋንቋው ሥርዐት የመጣ ስሕተት ነው፤ ማስተካከያውም «ዊዝ» የስሙ ሳይሆን የግሱ አካል መሆኑን ማስረዳት ነው።

የሁለት ቃላት ጥምረት አንድ ግስ መሆኑ ለአካባቢው ተናጋሪ ሩቅ ሐሳብ እንዳልሆነ ግን መታወቅ አለበት። አማርኛ «አለ» እና «አደረገ» በሚሉት ግሶች የሚፈጥራቸው ጥምር ግሶች በየዓረፍተ ነገሩ ይገኛሉ። «ችላ አለ» በሚለው ውስጥ «ችላ» ለብቻው ምንም አይደለም፤ «ልብ አለ» በሚለው ውስጥ ልብም ንግግርም የለም፣ ማስተዋል እንጂ፤ «ዝም አለ» ደግሞ ከመናገር ግስ የተሠራ አለመናገር ነው። ለችግር አያያዝ የሚነገሩት «ጠበቅ አደረገ»፣ «ቀለል አደረገ»፣ «ዘወር አለ»፣ «ፈንጠር አለ» የሚሉት ሁሉ በዚሁ ሥርዐት የቆሙ ናቸው። የቋንቋ ሊቁ ቻርልስ ፈርጉሰን በ1976 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ቤተሰብ ሳይለይ የሚያመሳስሏቸውን ጠባዮች ሲዘረዝር፣ «አለ» በሚል ግስ የሚሠሩትን ጥምር ግሶች አንዱ መለያ አድርጎ ቆጥሯቸዋል። ኢቮን ትራይስ በከምባትኛ ላይ፣ ታደሰ ሲባሞም በሀድይኛ ላይ ያካሄዷቸው ሰፋፊ ጥናቶች ሁለቱ ቋንቋዎች በሰዋስዋቸው ምን ያህል የተራቀቁ መሆናቸውን ያሳያሉ፤ «ማለት» እና «ማድረግ» የሚሉት ግሶች ድምፅን፣ እንቅስቃሴንና ሁኔታን ከሚሥሉ ቃላት ጋር ተጣምረው አዲስ ግስ መሥራታቸውም የእነዚህ ቋንቋዎች ነባር ሀብት ነው። የሆሳዕና ልጅ እንግዲህ ትርጉሙ ከክፍሎቹ ድምር የማይገኝ ግስ በሁለትና በሦስት ቋንቋ ሲናገር ኖሮ ነው ወደ እንግሊዝኛ ክፍል የሚገባው። መምህሩ «ችላ ማለት»ን ሰሌዳ ላይ ጽፎ «ችላ ብቻውን ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከማንኛውም የቃላት ዝርዝር የበለጠ መንገድ ይከፍታል።

በዚሁ በር የእንግሊዝኛው ግስ ራሱ ወደ አማርኛ ገብቷል። በከተማ ንግግር «ሃንድል አደረገው»፣ «ማኔጅ አደረገው»፣ «ዲል አደረጉ» ሲባል መስማት የተለመደ ሲሆን፣ የውጭው ቃል የ«ችላ»ን ወይም የ«ጠበቅ»ን ስፍራ ይዞ «አደረገ» ሰዋስዉን ይሸከምለታል። ይህ አማርኛን ያበላሸዋል ብለው የሚያዝኑ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን እንግዳን በራስ ሥርዐት ማስተናገድ የቋንቋ ጤንነት ምልክት ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነው። «ዲል አደረጉ» በአማርኛ ተስማሙ፣ ዋጋ ቆረጡ ማለት ብቻ ሆኗል፤ «ዊዝ» ወድቋል፣ ከእርሱም ጋር ጉዳይን የመያዝ ትርጉሙ ጠፍቷል። ስለዚህ በገበያ የለመደውን «ዲል» ይዞ ወደ እንግሊዝኛ ጽሑፍ የሚሄድ አንባቢ፣ መንግሥት ሙስናን «ዲል ዊዝ» እንዲያደርግ የሚጠይቀውን ዓረፍተ ነገር መንግሥት ከሙስና ጋር እንዲስማማ የሚጠይቅ አድርጎ ሊያነበው ይችላል።

ተማሪዎች ከእንዲህ ያሉት ግሶች መሸሻቸው የኢትዮጵያ ብቻ ጠባይ አይደለም። ዳጉትና ላውፈር በ1985 እ.ኤ.አ. ዕብራይስጥ ተናጋሪዎችን አጥንተው፣ ተማሪዎቹ ሐረጋዊ ግስን ትተው ባለአንድ ቃል ግስ እንደሚመርጡ ካሳዩ በኋላ፣ ምክንያቱ የአማርኛ ዘመድ የሆነው ዕብራይስጥ እንዲህ ያለ ግስ ስለሌለው ነው ብለው ነበር። ሁልስታይንና ማርኬና በ1989 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድ ተማሪዎችን ሲመረምሩ ግን ነገሩ ይህን ያህል ቀጥተኛ እንዳልሆነ ታየ፤ የሆላንድኛ ተናጋሪዎች በቋንቋቸው ተመሳሳይ ግስ እያላቸው፣ ትርጉሙ ከክፍሎቹ የራቀውንና የራሳቸውን ቋንቋ በጣም የሚመስለውን ግስ ተጠራጥረው ሸሽተውታል። ከዚህ የሚወሰደው ጥንቃቄ ለሆሳዕናም ይሠራል፤ «አለ» እና «አደረገ» በሩን ይከፍታሉ እንጂ የእያንዳንዱን ግስ ትርጉም አያስተምሩም። የእንግሊዝኛው ትንሽ ቃል አቅጣጫና ዝምድና ያሳያል፣ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች «አለ» ግን ግሱን ራሱን ያቆማል፤ መዋቅሩ የተለያየ ነው፣ አንድ የሚያደርጋቸው ትርጉሙ በጥምረቱ ውስጥ መኖሩ ነው።

ሽሽቱ ራሱ ሁልጊዜ ጉድለት ተብሎ መቆጠር የለበትም። በሀድያና በከምባታ ያገቡ ሴቶች «ባሊሻ» በሚባለው ነባር ሥርዐት የአማቶቻቸው ስም በሚጀምርበት ክፍለ ቃል የሚጀምሩ ቃላትን ባለመጥራት አክብሮታቸውን ይገልጹ ነበር፤ በየንግግሩ የተከለከለውን ቃል በሌላ ቃል ወይም በአገላለጽ እየተኩ ሐሳባቸውን ሳያጓድሉ መናገር ይችሉ ነበር፤ ዛሬ ልማዱ እየቀረ ቢሄድም የዚያን የቃላት ችሎታ ታላቅነት መርሳት አይገባም። በእንግሊዝኛም ለማመልከቻና ለጥናት ጽሑፍ «ዲል ዊዝ»ን ትቶ «አድሬስ»፣ «ማኔጅ» ወይም «ሪዞልቭ» ማለት ብዙ ጊዜ ተመራጭ ነው፤ ሆኖም «አድሬስ» እና «ማኔጅ» ወደ መያዝ ሲጠጉ፣ «ሪዞልቭ» ወደ መፍታት እንደሚጠጋ ያላወቀ ጸሐፊ ቃሉን ለውጦ ሐሳቡንም ይለውጣል።

ይህ ሁሉ ከክፍል ወጥቶ ኑሮ የሚሆንበት ቦታ ደቡብ አፍሪካ ነው። ካለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ከሀድያና ከከምባታ እጅግ ብዙ ወጣቶች ወደዚያ አገር ተሰደዋል፤ ብዙዎቹም «ታውንሺፕ» በሚባሉት የድሆች መኖሪያ ሰፈሮች «ስፓዛ» በተባሉ ትናንሽ ሱቆች ይሠራሉ፤ በ2008፣ በ2015 እና በ2019 እ.ኤ.አ. በውጭ አገር ተወላጆች ላይ የተነሡት ጥቃቶች እነዚህን ሱቆች አላለፏቸውም። ዘረፋ፣ የፈቃድ ወረቀት፣ የቤት ኪራይና ዱቤ በየቀኑ በሚያጋጥሙበት በዚያ ኑሮ እንግሊዝኛ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከደንበኛና ከፖሊስ አፍ ይለመዳል። በዚያ አገር እንደ ብሪታንያ ሁሉ ለችግር አያያዝ የሚዘወተረው «ሶርት አውት» የሚለው ሐረጋዊ ግስ ሲሆን፣ «ሶርት» መለየት፣ መደርደር ማለት ስለሆነ፣ ጥምሩ የተዘበራረቀን ነገር መልክ አስይዞ መጨረስን ያመለክታል። ከ«ዲል ዊዝ» የሚለየውም በዚሁ ነው፤ ባለሥልጣኑ ወረቀቱን «ሶርት አውት» አደርጋለሁ ካለ ጨርሶ ሊሰጥ ቃል ገብቷል፣ «ዲል ዊዝ» አደርጋለሁ ካለ ግን ሊያየው ብቻ ነው። ሰውን ጠቅሶ ሲነገር ይህኛውም ወደ ዛቻ ሊዞር ይችላል።

ቀደም ሲል የተጠቀሰው የሰዋስው ነጥብ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። «ዲል ዊዝ» አይነጣጠልም፤ ስምም ይሁን ተውላጠ ስም የሚመጣው ከ«ዊዝ» በኋላ ነው፣ «ዲል ዊዝ ኢት» ይባላል። «ሶርት አውት» ግን ተነጣይ ነው፤ ስም ሲሆን «ሶርት አውት ዘ ፕሮብለም» ወይም «ሶርት ዘ ፕሮብለም አውት» ማለት ይቻላል፣ ተውላጠ ስም ሲሆን ግን «ኢት» የግድ መሐል ገብቶ «ሶርት ኢት አውት» መባል አለበት። በአማርኛ ቅልቅል ንግግር «ሶርት አውት አደረገው» ሲባል ሁለቱ የእንግሊዝኛ ቃላት እንደ ተጣበቁ ይቀሩና «ኢት»ን የሚተካው «ው» ከ«አደረገ» ጋር ይለጠፋል፤ ከሆሳዕና ወጥቶ በጆሃንስበርግ ሱቅ የቆመው ወጣት «ሶርት አውት ኢት» የሚለውም «ው»ን ከመጨረሻው አንሥቶ ወደ መሐል ማስገባት ስላልተነገረው ነው።